በግራ እጅ የተቀዳ ቡና፦ ድብደባ በሽምግልና ያልቃል ወይ?

የመነሻ ጽሑፍ

የደሴና የኮምቦልቻ ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ጥያቄዬን ከማቅረቤ በፊት ያየሁትን ላጫውታችሁ።

ባለፈው ወር ደሴ ሆጤ ሰፈር አንድ ጎረቤታችን ቤት እርቅ ነበር። እናቴን አጅቤ ሄድኩ። ከአምስት ቀን በፊት ባልየው የሚስቱን ቀኝ እጅ ሰብሮታል። ስንገባ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ፈንዲሻው ቀርቧል። ሦስት ሽማግሌዎች፣ የቅሬው፣ ማለትም የሰፈሩ መረዳጃ ማኅበር ዳኛና የባልየው ታላቅ ወንድም ተቀምጠዋል። ቡናውን የምታፈላው እሷው ናት። ቀኝ እጇ በጀሶ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ጀበናውን በግራ እጇ አነሳችው። ከበዳት። እጇ ሲንቀጠቀጥ ቡናው ከስኒው አልፎ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። ተነስቶ የተቀበላት ሰው የለም። እኔም አልተነሳሁም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከአቦል እስከ በረካ ባልየው ተናገረ፣ ወንድምየው ተናገረ፣ ሽማግሌዎቹ ተናገሩ። እሷን የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጆችሽን ትበትኛለሽ ወይ አሏት። አንገቷን ደፋች። ከዚያ ያው የምናውቀው መጣ፤ አንተም ተው፣ አንቺም ተይ። እሱ ምኑን እንደሚተው ገብቶኛል። እሷ ምኑን እንደምትተው ግን አልገባኝም። ጉልበት ተሳመ፣ ምርቃት ወረደ። በማግሥቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ አቤቱታዋን ሰረዘች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮምቦልቻ አንድ ስልጠና ላይ ተቀመጥኩ። ርዕሱ ተሃድሷዊ ፍትሕ ነበር። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ወንጀል ሲፈጸም በዳዩ ተቀጥቶ ፋይሉ ብቻ አይዘጋም። የተጎዳው ሰው የደረሰበትንና የሚያስፈልገውን ይናገራል፤ በዳዩም ጥፋቱን አምኖ ይክሳል። አሰልጣኙ ይህማ ከጥንት የነበረን ሽምግልና ነው ሲል አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ እጄ አልሄደልኝም። የጎረቤቴ እጅ መጣብኝ።

እስከማውቀው ደግሞ ሚስቱን የሚመታ ባልን ለይቶ የሚያነሳ ሕግ የለንም። ታዲያ ሽምግልናው ባይኖር የት ትሄዳለች? ካለስ ይኼው ነው ወይ? ድብደባን በእርቅ መጨረስ ተገቢ ነው ትላላችሁ?

መልሶቹ

ለጽሑፌ የመጣው የመልስ ሰንሰለት፣ ማለትም ክሩ፣ ስለረዘመና በስልክ ማንበቡ ስለሚያሰለች፣ ዘግይታችሁ ለመጣችሁ በራሴ አነጋገር በየቁጥሩ አስቀምጬላችኋለሁ።

ቁጥር 1። ቀድመው የመለሱልኝ ሸዋ በር የሚኖሩ አባት ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሸምግለዋል። መርቀውኝ ጀመሩና ወቀሱኝ። ቤት ማፍረስ የአንድ ቀን ሥራ መሆኑን፣ መገንባት ግን ዕድሜ እንደሚጠይቅ አስረዱ። እርቅ ደም ያደርቅ የሚለውን አባባል አነሱ። ፍርድ ቤት በቀጠሮ ሲያመላልስ ልጆች እንደሚራቡ፣ ባልየው ታስሮ ሲወጣ ደግሞ ቂሙን ይዞ እንደሚመጣ ጻፉ። ያስታረቋቸው ብዙ ቤቶች ዛሬ የልጅ ልጅ እያዩ ነው። ትህትናቸው ልብ ይነካል። ያሉትም ሁሉ ውሸት አይደለም።

ቁጥር 2። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ ያለች ልጅ እሳት ሆና መጣች። የልጅ ልጅ ያዩት ቤቶች ውስጥ ስንት ጥርስ እንደረገፈ የቆጠረ ሽማግሌ ካለ እንዲነግራት ጠየቀች። በሽምግልናው ወንበር ላይ ሴት ተቀምጣ አይታ እንደማታውቅም አነሳች። ለእሷ መፍትሔው አንድ ነው፤ ፖሊስ፣ ዓቃቤ ሕግ፣ ፍርድ ቤት። ለአባታችን ግን አንቱታውን አልነፈገቻቸውም። ደስ አለኝ።

ቁጥር 3። የሕግ ባለሙያ ነው። መጀመሪያ ያረመው እኔን ነው፣ ልክም ነበር። ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊትን በስም ጠርቶታል። ቅጣቱን ግን ለብቻው አልደነገገም፤ ከ555 እስከ 560 ወዳሉት ወደ ተራዎቹ የአካል ጉዳት አንቀጾች ይመራል። የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው። ከባድ ጉዳት፣ ማለትም 555፣ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ የሚስትየውንም አቤቱታ አይጠብቅም። ቀላል የሚባለው 556 ንዑስ አንቀጽ 1 ግን በአቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ነው። አቤቱታው ከተሰረዘ ነገሩ አለቀ። ሽማግሌ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ደርሶ የሚለምነውም ለዚህ ነው።

የተሰበረ እጅ ከየትኛው አንቀጽ ስር እንደሚወድቅ በአብዛኛው የሐኪሙ ማስረጃ ነው የሚወስነው። ስለዚህ አንዲት ሴት ሌላውን ሁሉ ብትተው እንኳ ሐኪም ቤት ሄዳ ወረቀቱን እንድትይዝ መከረ። ለብቻው የወጣ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ እንደሌለን፣ ባልየው ወደ ቤቷ ድርሽ እንዳይል የሚያግድ ራሱን የቻለ የጥበቃ ትእዛዝ እንደሌለም ጨመረ። አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከጋብቻ ውጪ ብሎ ስለሚተረጉም በዚያ በኩል የተዳረች ሴት ሕጉ አያያትም። ይህን ሳነብ ብዙ ሴቶች ስለዚህ አንቀጽ ሰምተው እንደማያውቁ ታሰበኝ። እኔም አልሰማሁም ነበር።

ቁጥር 4። አጭር ነው። የባልና ሚስት ገመና አደባባይ መውጣቱ ነውር ነው የሚል ነው። አርባ ሰው ወዶለታል።

ቁጥር 5። እዚህ ላይ ቀስ እንበል። የጻፈችው ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ ልብስ ሰፊ ናት። ቁጥር 1ንና ቁጥር 4ን እያነሳች ነው የመለሰችው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ታርቃለች። ሦስቱም በወረቀት ነው፣ ዋስ ተጠርቶበታል። የመጨረሻውን ወረቀት አሁንም ይዛዋለች። ምን እንደተጻፈበት ዘረዘረችልን። እሷ ከሽፍት ስትወጣ በቀጥታ ቤት ትግባ። ደመወዟን ለባሏ ታሳይ። የእናቷን ስልክ በማታ አታንሳ። እሱ ደግሞ ያለ ምክንያት እንዳይመታት።

ያለ ምክንያት የምትለዋን ሁለት ጊዜ ደግማ ጻፈቻት። ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች እንዳልነበሩም መሰከረች። አንደኛው እንባ አውጥተዋል። ግን ማንም ሳያስበው ምክንያት ካለ መምታት እንደሚቻል ፈርመው ሰጡት። ከዚያ በኋላ በመታት ቁጥር ምክንያቱን አስቀድሞ ይነግራት ጀመር። ሦስተኛው እርቅ በተደረገ በአርባኛው ቀን አንድ ፌስታል ልብስ ይዛ ወጣች።

ይህ መልስ ከተለጠፈ በኋላ ለሦስት ሰዓት ያህል ማንም ምንም አልጻፈም።

ቁጥር 6። ዝምታውን የሰበሩት ቁጥር 1 አባታችን ናቸው። አልተከራከሩም። ልጄ ብለው አፉ በይን፣ ይቅር በይን አሏት። አፉታውን የጠየቁት በራሳቸውና እንደሳቸው ባሉት ስም ነው። ቀጥለውም ጥያቄ አቀረቡላት፤ ሽማግሌ ሆነን ብንመጣ ምን ብናደርግ ይሻልሽ ነበር የሚል። ጥያቄው ለብዙ ጊዜ ሳይመለስ ቆየ። እንደርስበታለን።

ቁጥር 7። በማኅበራዊ አገልግሎት ሙያ የምትሠራ ሴት ወደ ዋናው ጥያቄ መለሰችን። ተሃድሷዊ ፍትሕ የሚባለውን እኛ ከምናውቀው ጋር አስተያየችው። ካናዳ ኒውፋውንድላንድና ላብራዶር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሞከረ አሠራርን አነሳች። በሦስት ቦታ ነው የተሞከረው፤ አንዱ ናይን የሚባል የኢንዊት ሕዝብ መንደር ነው። ጥቃት ያለበት ቤት ዘመድ ሁሉ ተጠርቶ እቅድ ያወጣል። ነገር ግን የተጎዳችው ሴትም ሆነች ልጆቹ ከጎናቸው የሚቀመጥ የራሳቸው ደጋፊ ይኖራቸዋል። ስብሰባው የሚጠራው ደኅንነታቸው አስቀድሞ ከተጣራ በኋላ ነው። የወጣው እቅድም ለሕፃናት ጥበቃ ሠራተኞች ቀርቦ ይጸድቃል፤ ዘመድ ተስማማ ተብሎ ብቻ አይዘጋም። ኒውዚላንድም ከ1989 ጀምሮ ለወጣት ጥፋተኞች የቤተሰብ ጉባኤን በሕግ አስገብታለች።

በሌላ በኩል የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የኢስታንቡል ስምምነት በአንቀጽ 48 እንዲህ ባለ ጉዳይ ሽምግልናን ግዴታ ማድረግን ይከለክላል። ግዴታ የሚለውን ቃል ልብ እንድንል አሳሰበች። በሩን ጨርሶ አልዘጋም፤ ሴትየዋን ገፍቶ ማስገባትን ነው የዘጋው።

አንድ ነገር ጨምራለች፣ እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው። የቤት ውስጥ ጥቃት ዙር አለው። ውጥረቱ ይነሳል፣ ድብደባው ይመጣል፣ ቀጥሎ ልቅሶ፣ ስጦታና ይቅርታ ይከተላል። ከዚያ ዙሩ እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ ይቅርታው ራሱ የድብደባው አንድ ክፍል ሊሆን ይችላል። ሽማግሌ የሚደርሰው ደግሞ ሁልጊዜ ባልየው በሚያለቅስበት ሰሞን ነው። እንባውን አይቶ ተጸጽቷል ይላል።

ቁጥር 8። ከቃሉ ያለ ሰው ቅር ብሎት ጻፈ። የፈረንጅ አገር ምሳሌ መደርደሩ አልተመቸውም። ወሎ አባጋር የሚባሉ አስታራቂ ሽማግሌዎች እያሉለት ስለ ካናዳ ማንበብ አልፈለገም። ከዚያ ስለ አባጋሮች ያወራልን ነገር ግን ከክሩ ሁሉ ውዱ ነው። ደም ሲደርቅ ምን እንደሚደረግ አሳየን። የገዳይ ወገን ጥፋቱን ያምናል። አማላጅ ይልካል፣ ይለምናል፣ እምቢ ሲባል ተመልሶ ይመጣል። የሟች ወገን እሺ እስኪል ይጠበቃል እንጂ አይጣደፍም። ካሳ ይቆረጣል። ዱዓ ይደረጋል፣ መሐላ ይፈጸማል፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ይቀመጣል።

ለአገሩ ተቆርቁሮ የጻፈው ነው። እኔ ግን አንብቤ ስጨርስ ብድግ አልኩ። የሟችን ወገን አንተም ተው የሚል አባጋር የለም! ደጋግሞ የሚለምነው የበደለው ነው፣ የሚከበረው የተበደለው ነው። ይህን ሁሉ ሥርዓት የሚያውቅ ሕዝብ የሚስት እጅ ሲሰበር ለምን ግማሹን ይረሳዋል? ካሳው የት ሄደ? ልመናው የት ሄደ? የጎረቤቴ ባል ለአንድ ቀን እንኳ ደጅ አልጠናም። ደጅ የጠናችው እሷ ናት፣ ያውም ቡና እያፈላች። የጎደለን የውጭ እውቀት ላይሆን ይችላል። ለደም ያደረግነውን ለድብደባ አለማድረጋችን ነው።

ቁጥር 9። የሕግ ባለሙያው ተመልሶ ለኔ አድናቆት ልጓም አበጀለት። የደም እርቅ የሚሠራው ሁለት ወገን ስላለ ነው። የሟች ዘመድ ነፍጥ ይዞ ቆሟል፤ የገዳይ ወገን የሚለምነው ፈርቶት ጭምር ነው። የተመታች ሴት በስተኋላዋ የቆመ ወገን የላትም። የገዛ አባቷ ሳይቀር ወደ ባልሽ ተመለሺ ይላታል። ጉልበቱ ሳይመጣጠን ሥርዓቱን ብቻ መቅዳት ለባልየው ሌላ መድረክ መስጠት እንደሆነ አስጠነቀቀ። ይህንን መመለስ አልቻልኩም። አሁንም እያሰብኩበት ነው።

ከቁጥር 10 እስከ 13 መንገድ ስተናል። አንዱ ተሃድሷዊ የሚለውን ቃል ጠላውና ጠጋኝ ፍትሕ ቢባል ይሻላል አለ። ሌላዋ ቅሬ ማለት እድር ነው ወይ ብላ ጠየቀች፤ ከአዲስ አበባ ነው የጻፈችው። ሦስተኛው ቅሬ ቀብርም፣ ዳኝነትም፣ ጉርብትናም መሆኑን፣ ከቅሬ የተባረረ ሰው ሬሳውን የሚያነሳለት እንደማያገኝ በኩራት አስረዳት። አራተኛው ስለ ቤት ኪራይ መማረር ያዘ። ኮምቦልቻ ፋብሪካው በበዛ ቁጥር አንዲት ክፍል ቤት ማግኘት ፈተና መሆኑን ጻፈ። ከርዕሱ የወጣ መስሎኝ ነበር። አልወጣም። ደመወዟ ለኪራይ የማይበቃ ሴት እርቁን እምቢ ብላ የት ታድራለች? እሺ የምትለው ማደሪያ ስለሌላት ከሆነ፣ እሺታዋ ስምምነት አይደለም።

ቁጥር 14። አንድ ወጣት ወንዶችም ይመታሉ፣ በምላስ ይገደላሉ፣ ስለእነሱ የሚጽፍ ግን የለም ብሎ ተቆጣ። ቃላቱ ሻካራ ነበሩ።

ቁጥር 15። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ በቁጥር መለሰችለት። የ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ፣ ትዳር ይዘው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶዎቹ ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ከዚያው ጥናት ሌላም አወጣች። ባል ሚስቱን ቢመታ አግባብ የሚሆንበት ቢያንስ አንድ ምክንያት አለ ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ናቸው። ወንዶቹ 28 በመቶ። ከተቆጠሩት ምክንያቶች አንዱ ወጥ ማሳረር ነው።

ቁጥር 16። ያው ወጣት 63 የምትለዋን ለቀም አደረጋትና ሴቶቹ ራሳቸው ፈቅደው የለም ወይ አለ።

ቁጥር 17። የቁጥር 2 ልጅ ምን እንደመለሰችለት እዚህ አላሰፍርም። አድሚኑ አንድ ዐረፍተ ነገር አንስቶባታል። የተረፈው ግን ሊነበብ የሚገባው ነው። እናቷ ከእነዚያ 63ቱ አንዷ ብትሆን እንደማይገርማት ጻፈች። እናቷ ተመትታ ስታድር ጠዋት ምክንያቱን ከራሷ ትፈልግ ነበር፤ ምክንያት የሌለው ዱላ ከሁሉ ስለሚያስፈራ። ምክንያቱ ከታወቀ ነገ መጠንቀቅ ይቻላል። እዚህ ላይ ቁጥር 5 አንዲት ልብ ብቻ አስቀመጠችላት።

ቁጥር 18። አረብ ገንዳ የሚኖሩ አንድ ሼህ ናቸው። እርጋታቸው ክሩን አበረደው። ቁርኣን በባልና ሚስት መካከል መለያየት ሲፈራ ከእሱ ቤተሰብ አንድ፣ ከእሷ ቤተሰብ አንድ ዳኛ እንዲላክ ማዘዙን አስታወሱን። ከእሷ ቤተሰብ የሚለው እንደዋዛ የገባ ቃል አይደለም። በተግባር ግን የሚያዩት የባልየው አጎት፣ የባልየው ወንድምና የባልየው ጓደኛ ተሰብስበው ዱዓ ሲያደርጉ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ የሚታየው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ መሆኑን ጨመሩ። ድብደባ ወንጀል ነውና ጭራሽ ከዚያ ውስጥ እንደማይቆጠር የሕግ ባለሙያው ከታች አረጋገጠላቸው።

ቁጥር 19። ስሙንም ጣቢያውንም ያልገለጸ ፖሊስ ነው። ብዙ ሰው ሊሰድበው ተዘጋጅቶ ነበር። እሱ ግን እውነቱን አወጣው። ሴትዮዋ ማታ ደም በደም ሆና ትመጣለች። ቃሏን ይቀበላሉ። ጠዋት ሽማግሌ ተከትሏት ትመጣና ዝጉልኝ ትላለች። ይህን ደጋግሞ ያየ ፖሊስ በሚቀጥለው ጊዜ ገና ከበሩ ታረቁ ብሎ እንደሚመልሳት፣ እሱም አድርጎት እንደሚያውቅ አመነ። አሁን ተጸጽቷል። ያቀረበው ሐሳብ አለ፤ ሽማግሌ መምጣት ካለበት ከፍርዱ በኋላ ይምጣ። ጥፋቱ ከተረጋገጠ፣ ሰውየውም ካመነ በኋላ ስለ ልጆቹና ስለ ካሳው ይነጋገሩ። ከፍርዱ በፊት የሚመጣ ሽማግሌ ምስክር ነው የሚያጠፋው።

ቁጥር 20 እና 21 የስድብ ምልልስ ነበሩ፤ ተነስተዋል።

ቁጥር 22። ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው እየጻፈችላቸው። ወጣቶቹ ፍርድ ቤት የድሮ ነገር እንዳይመስላቸው ፈለጉ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዘመን ፍቺ የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። እሳቸው ለመፋታት የደረሱበት ጊዜ እንደዚያ ነው። ሽማግሌዎቹ በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ሰጧቸው። በየቀጠሮው መካከል የሚያድሩት ከዚያው ሰው ጋር ነው። ሁለት ልጅ በቀጠሮ መካከል ወለዱ። በ1992 የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በክልላችን ደግሞ የ1995ቱ፣ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ከሽማግሌ እጅ አውጥቶ ለፍርድ ቤት ሲሰጥ እሳቸው ቤት ውስጥ አርጅተው ነበር። ዜናውን በሬዲዮ ሲሰሙ ምን እንዳደረጉ ልጅቷ ጽፋልናለች። ተነስተው በሩን ከፈቱት፣ ተመልሰው ተቀመጡ።

ቁጥር 23። ቁጥር 5 መጣች። የሸዋ በሩን አባት ጥያቄ ለአራት ቀን ስታስብበት ከርማለች። እኔ በዚህ ክር ውስጥ አንዱን ብቻ አንብቡ ብባል ይህንን ነው የምሰጣችሁ።

ብቻዬን ብትጠይቁኝ ኖሮ ከሚለው ጀመረች። ሦስቱንም ጊዜ ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ነው የጠየቋት። ሴት ልከው፣ ለብቻዋ፣ እሱ በሌለበት ቤት ቢያነጋግሯት ትናገር ነበር። እርቁ በእሱ ቤት ባይሆን ትወድ ነበር፤ ቡና የምታፈላውም እሷ ባትሆን። ያደረገውን በስሙ እንዲጠሩላት ትፈልግ ነበር። ጠብ፣ ግጭት፣ አለመግባባት ሲሉት ሰማች፤ መታት ያለ ግን አልነበረም። ሁለቱ ተጣሉ ሲባል እሷ ያልነበረችበት ጠብ ይመስላት ነበር። አንገቷን ታንቃ አየር ሲያጥራት ከማን ጋር ነው የተጣላችው?

ገንዘብም አነሳች፣ ሳታፍር። ለሐኪም ያወጣችውንና ከሥራ የቀረችባቸውን ዘጠኝ ቀናት የከፈላት የለም። ዋስ የሆነው ሰውም አንድ ቀን መጥቶ እንዴት ሆንሽ አላላትም፤ ዋስትናው ወረቀት ላይ ቀረ። በየሳምንቱ አርብ አንዲት ሴት መጥታ ፊቷን ብታየው እንኳ ለውጥ ነበረው። ከሁሉ በላይ ግን አልታረቅም የማለት መብት ትፈልግ ነበር። አልታረቅም ብትል ቅሬው እንዳይርቃት፣ እናቷ እንዳትረገም፣ እምቢተኛ የሚል ስም እንዳይወጣላት። ይህ ሁሉ ቢሟላ ትታረቅ ነበር ወይ ብላ ራሷን ጠየቀች። አልታረቅም ነበር ብላ መለሰች። ግን ቀርበው ስለሰሟት ደሴ መንገድ ላይ ሲያገኟት ቀና ብላ ሰላም ትላቸው ነበር።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ከስሩ ያቺ ልጅ ሳታውቀው የተሃድሷዊ ፍትሕን ደንብ ሁሉ እንደጻፈችው ተናገረች። የሕግ ባለሙያው በሁሉም ቢስማማም ይህ ሁሉ በክሱ ምትክ ሳይሆን ከክሱ ጎን መሆን እንዳለበት ጸና። እኔም ወደዚያው ነኝ። የመነሻ ጽሑፌን ስጽፍ ጥያቄው ሽምግልና ይኑር ወይስ አይኑር ይመስለኝ ነበር። አሁን ጥያቄዬ ሌላ ነው። የምንጠግነው ማንን ነው? ቤቱን ነው ወይስ እሷን? ቤቱ ቆሞ እሷ ከፈረሰች ያንን እርቅ አልለውም።

ቁጥር 24። ከባህር ማዶ የጻፈ ወንድም የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድና የቦርከናን ወንዝ ዳር ናፍቆት ሰላምታ ላከ። ሁላችንም መለስንለት።

ቁጥር 25። የሸዋ በሩ አባት ናቸው። ባለፈው እሑድ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ለእርቅ ተጠርተው ነበር። ከመቀመጣቸው በፊት ባለቤታቸውን ወደ ጓዳ ልከው ሴትየዋን ለብቻ አነጋገሩ። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ባለቤታቸው ሲወጡ ራሳቸውን ነቀነቁ። አትፈልግም። ባልየው ተቆጣ፣ ወንድሞቹ አጉረመረሙ። አባታችን ብትራቸውን አንስተው ሌሎቹን ሽማግሌዎች ይዘው ወጡ። ጀበናው ምድጃ ላይ እንደተጣደ ነበር። በመንገድ ላይ አንደኛው ጓደኛቸው ለምን አዋረድከን ብሎ ተቀይሟቸዋል፤ እስካሁን አላነጋገራቸውም። ይህንን ሲጽፉ ከፍቷቸው ነበር። የሠላሳ ዓመት ወዳጅ ነው።

ቁጥር 26። ትናንት ማታ አራት ሰዓት ላይ አንዲት ልጅ ገባች። ከዚህ በፊት ጽፋ አታውቅም። ክሩን ሙሉውን አንብባለች። የጠየቀችው ቁጥር 3 ስላነሳው የሐኪም ወረቀት ነው። ከተመታች ሁለተኛ ቀኗ ነውና እንዳይረፍድባት ፈርታለች። የሕግ ባለሙያው በሁለት ደቂቃ ውስጥ መለሰላት። አልረፈደም፤ ነገ ሳይሆን ዛሬ ቢሆን ይመረጣል፣ ሐኪሙም ቁስሉን አንድ በአንድ እንዲመዘግብላት ትጠይቅ። ቁጥር 5 ከቤት ስትወጣ የምትይዘውን ነገረቻት፤ መታወቂያ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የልጇን የክትባት ካርድ፣ አንድ ቅያሪ። ፌስታሉን ማታውኑ በር አጠገብ እንዳታስቀምጠው አስጠነቀቀቻት።

ከዚያ በኋላ ያለውን በግል መልእክት ጨረስነው። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፒያሳ ቆሜ ጠበቅኳት። ልጇን አዝላ መጣች።